የውሸባ ሆቴል ሒሳብ፦ ከድሬና ከሐረር ተነሥቶ ባሕር ማዶ ለሚገባ

መንግሥት መንገደኛን በግድ ሆቴል ወደሚያስቀምጥበት አገር የሚሄድ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ክፍሉ ስንት ነው?» ብሎ ነው። ይጠየቅ፤ ግን ኪስ የሚያራቁተው እሱ አይደለም። የክፍሉ ዋጋ ተጽፎ የተለጠፈ ነው፣ ማንም ቀድሞ ያየዋል። ሰው የሚወድቀው ቀን ቆጠራው ላይ ነው፦ ናሙናው የተሰጠበት ሰዓት፣ ያረፉበት ቀን አንድ ይባል ዜሮ፣ የክትባት ካርዱ ከመቼ ጀምሮ ይሠራል የሚለው። አንዲት ቀን ከተሳሳተች ቲኬቱም፣ ምርመራውም፣ የሆቴል ቦታውም አብረው ይናዳሉ።

ነገሩ እኛ አገር የጀመረው በኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ፣ መጋቢት 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር። ቦሌ የሚያርፍ ሁሉ 14 ቀን በራሱ ወጪ እንዲወሸብ ታዘዘ፤ የተመደቡትም ስካይላይትና ግዮን ሆቴል ነበሩ። ከጅቡቲ ለሚመለሰው ደግሞ እዚሁ የድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ማቆያ ሆነ። ዛሬ ያ ሕግ አልፏል፤ አጥብቃ ይዛው የቆየችው ቻይና እንኳ ታኅሣሥ 30 ቀን 2015 ዓ.ም. አንሥታዋለች። ሆኖም ሁለት ምክንያት አለ ለመጻፍ። አንደኛ፣ ወረርሽኝ በተነሣ ቁጥር አገሮች ይህንኑ ደንብ ከመሳቢያ ያወጡታል። ሁለተኛ፣ ከኢትዮጵያ የሚነሣውን መንገደኛ ዛሬም የሚይዝ የቢጫ ወባ ውሸባ አለ፤ እሱን ብዙ ሰው የሚያውቀው ከተያዘ በኋላ ነው። ወደሱ እንመጣለን።

የእንግሊዝን ሒሳብ በዝርዝር ማየት ይጠቅማል፤ የሌሎቹም አሠራር ከዚያ ብዙ አይርቅም። ኢትዮጵያ በቀዩ ዝርዝር፣ ማለትም ከነሱ የሚመጣው በግድ ሆቴል በሚወሸብባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ የገባችው መጋቢት 10 ቀን 2013 ዓ.ም. ነው፤ የወጣችው ጥቅምት 1 ቀን 2014። በዚያ መሐል ከዚህ ተነሥቶ መግባት የሚችለው የእንግሊዝ ወይም የአየርላንድ ዜጋና የመኖሪያ ፈቃድ ያለው ብቻ ነበር፤ እሱም ከመነሣቱ በፊት ሆቴሉን ከፍሎ መያዝ ነበረበት። ዋጋው ለአንድ አዋቂ 1,750 ፓውንድ ነበር፣ ያን ጊዜ በባንክ ምንዛሬ መቶ ሺህ ብር ገደማ። በዚያው ክፍል ለሚጨመር አዋቂ 650፣ ከ5 እስከ 11 ዓመት ላለ ልጅ 325፣ ከ5 ዓመት በታች በነፃ። ነሐሴ 6 ቀን 2013 ዋጋው ተሻሻለና ለአንድ አዋቂ 2,285፣ ለሁለተኛው 1,430 ሆነ። የልጆቹ አልተነካም።

ባልና ሚስት የ7 ዓመትና የ4 ዓመት ልጅ ይዘው ቢገቡ በመጀመሪያው ተመን 2,725 ፓውንድ ይከፍላሉ፤ በሁለተኛው 4,040። ጭማሪው ክፉኛ ያረፈው ሁለተኛው አዋቂ ላይ መሆኑን ልብ በሉ። እንዲህ ዓይነት ተመን ሲወጣ «ለአንድ ሰው» ተብሎ የሚነገረውን በቤተሰቡ ቁጥር ማባዛት ስሕተት ነው፤ ተጨማሪ ሰው በሚለው ረድፍ እየደመሩ መሄድ ነው ትክክሉ።

እዚህ ላይ የእኛ ስም አጠራር ችግር ያመጣል። ሚስት በአባቷ ስም ትጠራለች፣ ባል በአባቱ፣ ልጆቹ በባልየው። በፈረንጅ መዝገብ አራት ሰው ሦስት የተለያየ «የቤተሰብ ስም» ይዞ ይመጣል። ለየብቻ ከተያዘ እያንዳንዱ አዋቂ የሙሉ ክፍል ይከፍላል። ስለዚህ በአንድ ማመልከቻ፣ እንደ አንድ ቤተሰብ መያዝ፤ የተተረጎመ የጋብቻና የልደት ማስረጃም በእጅ ሻንጣ መያዝ። ስሙ ደግሞ ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው፣ ፊደል በፊደል። አህመድ በላቲን ፊደል በሦስት ዓይነት ይጻፋል፣ አንዱን መርጦ በሁሉም ወረቀት ላይ መጽናት ነው።

በጥቅሉ ውስጥ ምን ነበረ? ከአየር ማረፊያ እስከ ሆቴል መጓጓዣ፣ በቀን ሦስቴ ምግብ፣ የ2ኛውና የ8ኛው ቀን ምርመራ። ያልነበረው ልብስ ማጠቢያ፣ ከምግብ ሰዓት ውጭ የሚታዘዝ ነገር፣ ሲያበቃ ከሆቴሉ ወደ ቤት የሚወስድ መኪና። ከሁሉ የሚከብደው ግን በሽታው ከተገኘባችሁ የሚጨመረው ነው፦ በቀን 152 ፓውንድ ለአንድ ሰው። በ8ኛው ቀን ምርመራ የተገኘበት ሰው ከዚያ ወዲያ 10 ቀን ይቆጠርለታል፤ ሁለቱ በመጀመሪያው ክፍያ ውስጥ ስላሉ 8ቱ ቀን ትርፍ ወጪ ነው፣ 1,216 ፓውንድ። ብዙ የጉዞ መድን ውል መንግሥት ያዘዘውን ውሸባ አይሸፍንም፤ ስለዚህ ይህን ገንዘብ ከመነሻው ለብቻ ማስቀመጥ ነው። በዝቅተኛ ገቢ ድጎማ ለሚኖሩ ዕዳውን በ12 ወር ከፋፍሎ የመክፈል ዕድል ነበር፤ ግን ማመልከቻው ከጉዞ በፊት ነው የሚገባው። ሆቴል ከገባችሁ በኋላ ለማን ታመለክታላችሁ?

ከሆቴሉ ለማምለጥ የሚፈለገው ዘዴ አንድ ነበር። ደንቡ የሚለው «ባለፉት 10 ቀናት በቀዩ ዝርዝር አገር የነበረ» ስለሆነ፣ ሌላ አገር 10 ቀን ቆይቶ መግባት። በወረቀት ሲሰላ ርካሽ ይመስላል። ከዚህ የሚቀርቡትን ከተሞች ግን ተመልከቱ፦ ዱባይ ጥር 21 ቀን 2013 ቀይ ሆነች፣ ናይሮቢ ሚያዝያ 1፣ ኢስታንቡል ግንቦት 4፣ ካይሮ ሰኔ 1። የመሸጋገሪያ ከተሞቻችን በየተራ ተዘጉ። ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ኢስታንቡል ገብቶ ቀን ሲቆጥር የነበረ መንገደኛ የዚያን ከተማ ሆቴልም የለንደኑንም ከፈለ። ማስጠንቀቂያው የቀናት ብቻ ነው፤ 10 ቀን የሚፈጅ ዕቅድ በዚያ ፍጥነት የሚቀየር ዝርዝር ላይ መጣል ቁማር ነው። ይህን መንገድ የሚመርጥ ሰው ቢያንስ ቲኬቱ ቀኑ የሚቀየር፣ ሆቴሉም በማንኛውም ሰዓት የሚሰረዝ ይሁን።

አውስትራሊያ 14 ቀን ነበር። በኒው ሳውዝ ዌልስ ከሐምሌ 11 ቀን 2012 ጀምሮ ለአንድ አዋቂ 3,000 የአውስትራሊያ ዶላር፣ ለሁለተኛው 1,000፣ ለልጅ 500፤ ከ3 ዓመት በታች ነፃ። ካናዳ በየካቲት 15 ቀን 2013 የጀመረችው የሦስት ሌሊት ነው፤ እስከ 2,000 የካናዳ ዶላር ሊደርስ ይችላል ተብሎ ነበር፤ ሲጀመር ሆቴሉ የሚያዘው በስልክ ብቻ ስለነበር ሰው ሰዓታት መስመር ላይ ተሰልፎ ዋለ። ውጤቱ ቀድሞ ቢመጣም የከፈሉት አይመለስም። ማረፊያው ደግሞ ቶሮንቶ፣ ሞንትሪያል፣ ካልጋሪና ቫንኩቨር ብቻ ስለነበር፣ ሌላ ከተማ የሚኖር ሰው ሌላ ቲኬት ይጨምርበታል።

አሁን ወደ ቀኑ።

ያረፋችሁበት ቀን በእንግሊዝ ቆጠራ ዜሮ ነው። 10 ቀን የተባለው 11 ሌሊት ይሆናል፤ የሚያልቀውም የ10ኛው ቀን እኩለ ሌሊት ላይ ነው። ያረፈበትን አንድ ብሎ የቆጠረ ሰው ወደ ማንቸስተር የሚወስደውን ባቡር በ10ኛው ቀን ከሰዓት ይቆርጣል፣ ቲኬቱም ይቃጠላል። የ11ኛውን ቀን ጠዋት ቁረጡ።

ሁለተኛው የእኛ ሰዓት ነው። ናሙና ጠዋት 3 ሰዓት ከሰጣችሁና ወረቀቱ ላይ «3:00» ተብሎ ከተጻፈ፣ ባሕር ማዶ ያለው ሰው ንጋት ሳይቀድ እንደሰጣችሁ ነው የሚያነበው። ምርመራው የሚጸናበት 72 ሰዓት በ6 ሰዓት ቀድሞ አለቀባችሁ ማለት ነው። «9:00» መባሉን ከላቦራቶሪው ሳትወጡ እዩ። 72 ሰዓት ደግሞ ናሙና ከተሰጠበት እንጂ ውጤት ከተቀበሉበት አይቆጠርም። እሑድ ማታ ለሚበር ሰው ሐሙስ ጠዋት የተሰጠ ናሙና አይሆንም፤ እሑድ ጠዋት ያልቃል። ዓርብ ጠዋት ሰጥቶ ቅዳሜ መቀበል ነው።

ሦስተኛው ከሁሉም በላይ ሰውን ያስቀራል። ቲኬቱ ላይ «ሰኞ 00:30» ሲል እኛ ዘንድ ገና እሑድ ሌሊት 6 ሰዓት ተኩል ነው። ሰኞ ማታ ሻንጣውን ጎትቶ ቦሌ የሚደርስ አለ። አውሮፕላኑ ሄዷል፣ ምርመራው ጊዜው አልፏል፣ የተከፈለበት ክፍልም ቀኑን ሙሉ ሲጠብቀው ነበር። እኩለ ሌሊት አካባቢ የሚነሣ በረራ ሲኖራችሁ ቲኬቱን በአማርኛ «እሑድ ማታ 3 ሰዓት ቦሌ መገኘት» ብላችሁ ወረቀት ላይ ጻፉት፤ ለሚሸኛችሁም ሰው እንዲሁ ንገሩ።

ከድሬ ቦሌ ለመድረስ በአየር አንድ ሰዓት ገደማ ነው። በዚያው ቀን ተያይዞ የሚሄድ ከሆነ የአገር ውስጡና የውጭው በአንድ ቲኬት ላይ ይሁን፤ ለየብቻ ከተቆረጠ የድሬው ሲዘገይ የሚቀጥለው አየር መንገድ አያውቃችሁም። በመኪና የሚወርድ ሰው ሙሉ አንድ ቀን ይያዝ፣ አዲስ አበባ ይደር። አንድ የተገለበጠ ቦቴ መንገዱን ለግማሽ ቀን ሊዘጋው ይችላል። ባቡሩ ምቹ ነው፤ ግን በየቀኑ አይሄድም፣ ጣቢያውም ከከተማ ወጣ ብሎ ነው፤ ከምርመራ ጋር በሰዓት ለተሳሰረ ጉዞ አይመከርም። ከሐረር የሚነሣ ደግሞ እስከ ድሬ አየር ማረፊያ 50 ኪሎ ሜትር ከፍ ይላል፤ አወዳይ ላይ የጫት ገበያው ሲደራ መንገዱ ይጨናነቃልና ከሚገመተው አንድ ሰዓት ጨምሩ።

ክፍያው ባሕር ማዶ ካለ ዘመድ ካርድ ነው የሚፈጸመው፤ በብር የሚሠራ ካርድ እዚህ አይረዳም። ካርዱ የአጎት ይሁን የእኅት፣ ቦታው የሚያዘው በመንገደኛው ስም መሆን አለበት። ማረጋገጫውን በስልክ ብቻ ሳይሆን ታትሞ ያዙ። ቦሌ ላይ ባትሪ ያለቀበት ስልክ እንደሌለ ይቆጠራል።

ሆቴል ከተገባ በኋላ ብዙ ሰው የሚቸገረው በምግብ ነው። በ2013 ዓ.ም. ዐቢይ ጾምና ረመዳን ተደራርበው ነበርና ችግሩ ከሁለቱም ወገን ታየ። ለጾመኛ፦ «አትክልት ብቻ» ብላችሁ ካመለከታችሁ እንቁላልና አይብ ይመጣል፤ እነሱ ዘንድ ሥጋ አለመኖሩ ይበቃል። ቃሉ «ቪጋን» ነው፣ የጾም ምግብ ለሚለው የሚቀርበው እሱ ነው። ለሙስሊሙ «ሐላል» የሚለው በማመልከቻው ላይ ይሞላ፤ በር ላይ ምግብ ላመጣው ልጅ መናገር ወጥ ቤቱ አይደርስም። ለረመዳን ምግቡ የሚመጣበት ሰዓት ከመግሪብ ጋር ስለማይገጥም የምሳውን ቀዝቃዛ ነገር ለሱሁር፣ የራቱን ለፊጥራ ማስቀመጥ ነው። ክፍሉ ትንሽ ማቀዝቀዣ እንዲኖረው ቀድማችሁ ጠይቁ።

ከቤት የሚያዝ? በሶ፣ ቆሎ፣ ድርቆሽ፣ ትንሽ በርበሬና ሚጥሚጣ። በሶ በተለይ ውኃ ማፍያ ካለ ምንም አያስቸግርም። ቋንጣና ቂቤ ግን ወደ እንግሊዝ አይገቡም፤ ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ክልክል ነው። አውስትራሊያ የባሰች ናት፦ ጥሬም ቆሎም ዱቄትም በቅጹ ላይ መመዝገብ አለበት፤ ያስመዘገበ ቢበዛ ይወሰድበታል፣ የደበቀ ይቀጣል። እና እባካችሁ፣ የሐረር ቡና ቢሆንም ተቆልቶ ተፈጭቶ ይሂድ። ክፍል ውስጥ ቡና መቁላትም ዕጣን ማጨስም የጭስ ጠቋሚውን ያስጮኸዋል፣ ፎቁ በሙሉ ወደ ውጭ ይወጣል፤ በውሸባ ላይ ያለ ሰው ሁሉ ደረጃ ላይ ሲገናኝ ምን እንደሚሆን አስቡት።

ስለ ጫት በግልጽ መነገር አለበት፤ የእኛ አካባቢ ጉዳይ ነውና። እንግሊዝ ከሰኔ 2006 ዓ.ም. ጀምሮ ሕገ ወጥ ነው፣ የደረቀውም ቢሆን። ለዓመታት በየቀኑ ሲቅም የኖረ ሰው መስኮቱ የማይከፈት ክፍል ውስጥ በድንገት ሲያቆም የመጀመሪያዎቹ ቀናት ይከብዳሉ፦ ሐራራ፣ እንቅልፍ ብቻ፣ ድብርት፣ ሌሊት ዱካክ። ሆቴሉ ውስጥ ያለች ነርስ ይህን አታውቅም፣ ትኩሳት ከሌለ ምልክቱን ከሌላ ነገር ጋር ታያይዘዋለች። ከጉዞው ሁለት ሳምንት አስቀድሞ መጠኑን እየቀነሱ መምጣት ነው መፍትሔው።

የደም ግፊትና የስኳር መድኃኒት ለ10 ቀን ሳይሆን ለ30 ቀን ይያዝ፣ ከማዘዣው ጋር፣ በእጅ ሻንጣ። የኤሌክትሪክ ሶኬቱ የእኛ ባለ ሁለት ክብ አይደለም፤ የእንግሊዙ ባለ ሦስት ጠፍጣፋ፣ የአውስትራሊያው ደግሞ ሌላ ነው። መቀየሪያውን ድሬ ካለው ታይዋን ገበያ በጥቂት ብር ታገኙታላችሁ፤ ሆቴሉ ውስጥ ሆኖ ማስመጣት ቀን ይፈጃል።

አሁን ዛሬም ወዳለው።

ከኢትዮጵያ ተነሥቶ ሕንድ ለሕክምና የሚሄደው ብዙ ነው፤ ዴልሂ፣ ቼናይ፣ ሙምባይ። ሕንድ ኢትዮጵያን ቢጫ ወባ ካለባቸው አገሮች ትቆጥራለች። የክትባት ካርድ የሌለው ወይም ካርዱ ገና ያልጸደቀለት መንገደኛ እስከ 6 ቀን ይያዛል፤ በሽታው በሰውነት ውስጥ የሚፈለፈልበት ረጅሙ ጊዜ 6 ቀን ስለሆነ ነው። ቦታው ያማረ ሆቴል እንዳይመስላችሁ፣ ትንኝ እንዳይገባበት የተከለለ የመንግሥት ማቆያ ነው። ሕንድ ራሷ ቢጫ ወባ የለባትም፣ አስተላላፊዋ ትንኝ ግን ሞልታለች፤ ፍርሃቱ ከዚያ ነው። ትንኟን ድሬ ያለ ሰው ያውቃታል፦ በ2006 ዓ.ም. መጀመሪያ ደንጌን፣ በ2011 ክረምት ደግሞ ቺኩንጉንያን ከቤት ቤት ያዳረሰችው ያችው ናት።

ካርዱ የሚጸናው ከተወጉ 10 ቀን በኋላ ነው። ሒሳቡ እንዲህ ነው፦ ከመድረሳችሁ 7 ቀን በፊት ከተወጋችሁ የሚቀረው 3 ቀን ስለሆነ 3 ቀን ትያዛላችሁ። 2 ቀን በፊት ከተወጋችሁ 8 ቀን ቢቀርም ጣሪያው 6 ነው፤ ከሁለቱ ያነሰው ይወሰዳል። 6ቱ ቀን የሚቆጠረው ከኢትዮጵያ ከወጣችሁበት ጀምሮ ነው፤ በዱባይ አንድ ሌሊት ተሸጋግሮ መግባት አያድንም። ከ6 ወር በታች ያለ ሕፃን ከካርዱ ነፃ ነው፣ እናቱ ግን አይደለችም። አስታማሚም ካርድ ያስፈልገዋል፤ ሕመምተኛው አልፎ አስታማሚው ሲቀር ሁለቱም ይቸገራሉ።

ክትባቱ በየጤና ጣቢያው በማንኛውም ቀን አይገኝም። አንድ ብልቃጥ ለብዙ ሰው የሚበቃ ነው፣ ከተበጠበጠ ከ6 ሰዓት በላይ አይቆይም፤ ስለዚህ ሰው እስኪሰበሰብ ወይም የተወሰነ ቀን እስኪደርስ ይጠበቃል። ቪዛ እስኪመጣ የሚጠብቅ ሰው 10 ቀኑን የሚያጣው እዚህ ነው። ከሐምሌ 4 ቀን 2008 ዓ.ም. ጀምሮ አንዴ የተወጉት ለዕድሜ ልክ ስለሚሠራ ቪዛው ቢቀርም አይከስርም፤ ሐኪም ሕንድ ሂድ ባለበት ሳምንት መወጋት ነው። እንቁላል ክፉኛ የሚቆጣቸው፣ የሰውነት መከላከያቸው የደከመ፣ ከ60 ዓመት በላይ የሆኑ ግን ሐኪም ሳያዩ አይወጉ።

ካርዱን ከሰጪው ፊት ሳትነሡ አንብቡት። ቀኑ በፈረንጅ አቆጣጠር፣ ወሩ በቁጥር ሳይሆን በፊደል የተጻፈ ይሁን፤ የእኛ ዓመተ ምሕረት ከገባበት የልደት ዘመናችሁ ከፓስፖርቱ በ7 ወይም በ8 ዓመት ይለያል። የክትባቱ ምርት ቁጥር፣ የሰጪው ፊርማ፣ የተፈቀደለት ጣቢያ ማኅተም፣ የእናንተም ፊርማ፤ ለልጅ ወላጅ ይፈርምለታል። ስርዝ ድልዝ ካለበት አዲስ ይጻፍላችሁ። ከዚያ ካርዱን ፓስፖርቱ ውስጥ አስገቡት። ሻንጣ ውስጥ የገባ ካርድ አይጠቅምም፦ የጤና መቆጣጠሪያው ጠረጴዛ የሚመጣው ሻንጣ ከሚወሰድበት በፊት ነው።